የመጀመሪያው እርሾ

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ አንድ ትንሽ ሆድ ነው፤ ቀኑ ሳይሞላ ስለተወለደ፣ አንድ ኪሎ ከጥቂት ግራም ስለሚመዝን ሕፃን ሆድ። ወጋችንን ግን ከሆስፒታል አልጀምረውም፤ ከጓዳ ነው የምጀምረው።

ወተት የሚያረጉ እናቶችን አስታውሱ። ወተቱ ከመፍሰሱ በፊት ዕቃው ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያም በወይራ ይታጠናል። ጭሱ መዓዛ ይሰጣል፤ ከመዓዛው ጋር ወተቱን የሚያበላሹትን ተሕዋስያን ያዳክምና ለሚያረጉት ቦታ ያስለቅቃል። እንጀራ ጋጋሪዋም ከቀደመው ሊጥ ያስቀረችውን እርሾ በአዲሱ ላይ ትጨምራለች። ጥቂት እርሾ አንድ ቡሐቃ ሙሉ ሊጥ ትገዛለች። እርሾዋ መልካም ከሆነች ሊጡ በወጉ ይቦካል፤ ከተበላሸች ሊጡም አብሮ ይበላሻል። እነዚህ ሴቶች ማይክሮስኮፕ አላዩም። ይሁንና ዛሬ የጨቅላ ሕፃናት ሐኪሞች የሚጨነቁበትን ነገር በእጃቸው ያውቁታል፦ ወደ አዲስ ዕቃ ቀድሞ የሚገባው የኋለኛውን ይወስናል።

የሕፃን አንጀትም አዲስ ዕቃ ነው። ሕፃኑ በተወለደ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይሰፍሩበታል። ዛሬ የምንነጋገረው ቀድመው የሚገቡት እነማን እንደሆኑ፣ ያለጊዜው በተወለደ ሕፃን ላይ ይህ ለምን ከባድ ጉዳይ እንደሚሆን፣ ደግሞም ፕሮባዮቲክ የሚባሉት ሕያው ባክቴሪያዎች ምን ሊረዱና ምን ሊጎዱ እንደሚችሉ ነው። የማነሣቸው ዓመተ ምሕረቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

(አጭር ሙዚቃ)

መጀመሪያ ቀኑ ደርሶ የተወለደውን ሕፃን እንይ። በምጥ መንገድ ሲያልፍ የእናቱን ባክቴሪያዎች ይነካል። እናቱ ደረት ላይ ሲያርፍ ከቆዳዋ ይቀበላል። ከዚያ ጡት ይይዛል፤ መጀመሪያ የሚወርድለት ወፈር ያለው፣ ቢጫማው እንገር ነው። በአንዳንድ አካባቢ ይህ እንገር እንደ ቆሻሻ ተቆጥሮ ይታለብና ይደፋል። ይህን ስሰማ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም በሽታ ተከላካይ ንጥረ ነገር እንደዚያ የታጨቀበት ሌላ ጠብታ ሕፃኑ ዕድሜውን ሙሉ አያገኝም።

እ.ኤ.አ. በ1899 ገደማ፣ ፓሪስ በሚገኘው የፓስተር ተቋም አንሪ ቲሲየ የተባለ ሐኪም ጡት የሚጠቡ ሕፃናትን ሰገራ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ በሁለት የሚከፈል ባክቴሪያ ደጋግሞ አየ። ዛሬ ቢፊዶባክቴሪየም የምንለው ነው። ቲሲየ ይህ ባክቴሪያ ጤናማ በሆኑ ጡት ጠቢ ሕፃናት ሆድ ውስጥ እንደሚበዛ አስተዋለ፤ ተቅማጥ ለያዛቸው ሕፃናት ቢሰጥ ይረዳ ይሆናል የሚል ሐሳብም አቀረበ። ፕሮባዮቲክ የሚለው ቃል ገና አልተለመደም ነበር፤ ሐሳቡ ግን ያን ጊዜ ተጸነሰ።

ቢፊዶባክቴሪየም በጡት ጠቢ ሕፃን ሆድ ውስጥ የሚበዛበት ምክንያት የታወቀው ብዙ ቆይቶ ነው፤ እኔን ከዚህ ትምህርት ሁሉ በጣም የሚያስደንቀኝም እሱ ነው። በእናት ጡት ወተት ውስጥ ከውኃው ሌላ በብዛቱ አንደኛ ላክቶስ የሚባለው ስኳር ነው፤ ሁለተኛው ቅባት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ኦሊጎሳካራይድ የሚባሉ የስኳር ሰንሰለቶች ናቸው፤ ዓይነታቸው ከመቶ ይበልጣል። ሕፃኑ ግን እነዚህን ሰንሰለቶች መፍጨት አይችልም። አራስ እናት፣ ገና ከወሊድ ያላገገመች፣ ከገዛ ሰውነቷ ቀንሳ ልጇ የማይፈጨውን ምግብ ለምን ትሠራለች? መልሱ ለባክቴሪያዎቹ የተዘጋጀ ምግብ ስለሆነ ነው። በተለይ ቢፊዶባክቴሪየም ኢንፋንቲስ የሚባለው ዝርያ ሰንሰለቶቹን የሚበጣጥስበት መሣሪያ ሁሉ አለው። ስኳሩን በልቶ ላክቲክና አሴቲክ አሲድ ያመነጫል፤ እንጀራችንን የሚያኮመጥጡት አሲዶች እነዚሁ ናቸው። የሕፃኑ አንጀት ኮምጠጥ ሲል ጎጂ ባክቴሪያዎች አይመቻቸውም፤ የአንጀቱ ግድግዳም ይጠነክራል። እናት በአንድ ጡት ሁለት ታጠባለች ማለት ነው፤ ልጇንና ልጇን የሚጠብቁትን።

አሁን ወደ ሌላው ሕፃን እንሂድ። አንዲት እናት በ29ኛው ሳምንት ደም ግፊቷ ጨምሮ በቀዶ ሕክምና ተገላገለች እንበል። ልጅቱ 1200 ግራም ትመዝናለች። ወዲያው ወደ ማሞቂያ ክፍል ተወሰደች። እናቲቱ ገና ከማደንዘዣው አልነቃችም። ልጅቱ በምጥ መንገድ አላለፈችም፣ የእናቷ ደረት ላይ አላረፈችም፣ ጡትም አልያዘችም። መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን ማቀናጀት የሚቻለው 34ኛው ሳምንት ገደማ ስለሆነ፣ በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ ገብቶላታል። ኢንፌክሽን ተፈርቶ አንቲባዮቲክ ተጀምሮላታል። ታዲያ ወደዚህች ልጅ አንጀት ቀድሞ የሚገባው ማን ነው? በክፍሉ ውስጥ ያለው ነዋ! በቱቦው ላይ፣ በእጆች ላይ፣ በማሞቂያው ግድግዳ ላይ ያለው። ክሌብሲየላ፣ ኢ ኮላይ፣ ስታፊሎኮከስ፤ ብዙዎቹም አንቲባዮቲክ የለመዱ። አንቲባዮቲኩ ደግሞ ለስላሶቹን ገድሎ ለእነዚህ ጉልበተኞች መንገድ ይጠርጋል።

ዕቃው ራሱም ገና አልተሟሸም። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን አንጀት በደንብ አይንቀሳቀስም፤ ወተቱ አንድ ቦታ ይቆማል። የጨጓራው አሲድ ደካማ ነው። የአንጀቱን ግድግዳ የሚሸፍነው ልጋግ ስስ ነው። በግድግዳው ላይ ደግሞ ባክቴሪያ ሲያይ የሚጮህ፣ እንደ ዘበኛ ያለ ተቀባይ አለ። በማህፀን ውስጥ ለዕድገት የሚረዳ ሥራ ስላለው ብዛቱ ከፍተኛ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ይረጋጋል። ልጁ ቀድሞ ሲወለድ ግን ዘበኛው ገና አልተረጋጋም። ጥቂት ጎጂ ባክቴሪያ ሲያይ መንደሩን ሁሉ ያስነሣል። አንጀት ይቆጣል፣ የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ደም ያጣው የአንጀት ክፍል መሞት ይጀምራል።

ይህ በሽታ ኔክሮታይዚንግ ኢንተሮኮላይተስ ይባላል። ሐኪሞች አሳጥረው ኔክ ይሉታል። ከ1500 ግራም በታች ከተወለዱ ሕፃናት ከ100ው ከ5 እስከ 10 የሚሆኑትን እንደሚይዝ፣ ከተያዙትም ከ100ው ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት እንደሚሞቱ ይገመታል። ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው ላይ ሞቱ ከዚህም ይከፋል፤ የተረፉት አንዳንዶቹ አንጀታቸው አጥሮ ይቀራል። ክፉነቱ ደግሞ የሚመጣው ሁሉም ሰው እፎይ ሲል ነው። ልጁ መተንፈስ ጀምሯል፣ ወተቱም እየጨመረ ነው፣ ቤተሰብ ስም መምረጥ ይዟል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ግን ሆዱ ይነፋል። ወተቱ አልወርድ ይላል፤ በቱቦው አረንጓዴ ፈሳሽ ይመለሳል። ሰገራው ላይ ደም ይታያል። ልጁ ይዝላል፣ ትንፋሹ ቆም ቆም ይላል። ልጃችሁ ማሞቂያ ክፍል ካለ እነዚህን ምልክቶች ዕወቋቸው፤ ያያችሁትን ሳትውሉ ሳታድሩ ለነርሷ ተናገሩ። “እኔ ምን አውቃለሁ” ብላችሁ ዝም አትበሉ። ልጁን ቀኑን ሙሉ የምታየው እናት የሆዱን መለወጥ ከሁሉ ቀድማ ልታውቅ ትችላለች።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ፕሮባዮቲኩ እንምጣ። የሐሳቡ መነሻ ከእርሾዋ የተለየ አይደለም፦ ጉልበተኞቹ ከመስፈራቸው በፊት ደጎቹን እናስገባ። ቢፊዶባክቴሪየምና ላክቶባሲለስ በዱቄት ወይም በጠብታ ተዘጋጅተው፣ ከእናት ወተት ጋር በቱቦው ይሰጣሉ።

ቀደም ካሉት ሙከራዎች አንዱ የተደረገው በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሪፖርት እንደሚለው፣ በአንድ የጽኑ ሕክምና ክፍል ለተኙ ጨቅላዎች ሁለት ዓይነት ባክቴሪያ ከተሰጠ በኋላ ኔክ ከቀደመው ዓመት ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ወረደ። ካለፈ ዓመት ጋር ማወዳደር ግን አስተማማኝ አይደለም፤ በመካከሉ ሌላም ነገር ተለውጦ ይሆናል። ስለዚህ ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ማወዳደር ተጀመረ። በ2005 ከኢየሩሳሌም የወጣ ጥናት 145 ሕፃናትን ይዞ፣ ፕሮባዮቲክ ካገኙት ከ100ው 4፣ ካላገኙት ከ100ው 16 ገደማ ኔክ እንደያዛቸው አሳየ። በዚያው ዓመት ከታይዋን የወጣው 367 ሕፃናት የተካተቱበት ጥናትም ወደዚያው አመለከተ። በ2013 ደግሞ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ 1099 ሕፃናትን አጥንተው፣ ከ100ው 4.4 የነበረው ኔክ በ3 ባክቴሪያዎች ድብልቅ ወደ 2 እንደወረደ ገለጡ። ሞት ግን አልቀነሰም፤ በደም ውስጥ የሚሰራጨው ኢንፌክሽንም በአጠቃላይ አልቀነሰም።

ከዚያ የእንግሊዙ ጥናት መጣ። ከ1300 በላይ ሕፃናትን የያዘ፣ በጥንቃቄ የተሠራ ትልቅ ሙከራ ነው፤ ውጤቱ የወጣው በ2016 ነው። የተሰጠው አንድ ባክቴሪያ ብቻ ነበር፤ ቢፊዶባክቴሪየም ብሬቭ። ካገኙት ከ100ው 9፣ ካላገኙት ከ100ው 10 ኔክ ያዛቸው። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎች አዘኑ። በዚህ ጥናት ውስጥ ግን ሁሉም የማሞቂያ ክፍል ሠራተኛ ሊሰማው የሚገባ ነገር ተገኘ። ፕሮባዮቲኩን ፈጽሞ ካልወሰዱት ሕፃናት ግማሽ ያህሉ አንጀት ውስጥ ያው ባክቴሪያ ሰፍሮ ተገኘ። ማንም አልሰጣቸውም፤ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው አልጋ ተሻግሮ ነው የገባው። ሐኪሞቹና ነርሶቹ ጠንቃቆች ነበሩ፤ ያም ሆኖ ተሻገረ። ደጉ ባክቴሪያ እንዲህ ከተሻገረ ክሌብሲየላ እንዴት አይሻገር? በጥናቱ ሰንጠረዥ ላይ ያለው ይህ ቁጥር ስለ እጅ መታጠብ ከሰማሁት ስብከት ሁሉ በላይ ይነግረኛል።

ጥናቶቹ ሁሉ ሲደመሩስ? በ2023 የታደሰው የኮክሬን ግምገማ 60 ሙከራዎችንና ከ11 ሺህ በላይ ሕፃናትን ሰብስቧል። ፕሮባዮቲክ ኔክን በግማሽ ገደማ ሊቀንስ ይችላል ይላል። ይሁንና ብዙዎቹ ሙከራዎች ትንንሽና ጉድለት ያለባቸው ስለሆኑ ማስረጃውን ደካማ ብሎ መድቦታል። በተለይ ከሁሉ አነስተኞቹ፣ ከአንድ ኪሎ በታች የሆኑት፣ በጥናቶቹ ውስጥ ጥቂት ናቸው። ፕሮባዮቲክ ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል የምንላቸው ሕፃናት እነዚያው ናቸው፤ ስለ እነሱ ያለን ማስረጃ ግን ከሁሉ ያንሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ፕሮባዮቲክ የአንድ መድኃኒት ስም አይደለም፤ “ቅጠል” እንደማለት ያለ የወል ስም ነው። ጌሾም ቅጠል ነው፣ ጤና አዳምም ቅጠል ነው፤ በአንዱ ምትክ ሌላውን አታደርጉትም። አንዱ ዝርያ የሠራውን ሌላው ላይሠራ ይችላል፤ የአውስትራሊያውና የእንግሊዙ ውጤት መለያየትም አንዱ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። “ፕሮባዮቲክ ይረዳል ወይ?” ተብሎ ሲጠየቅ ትክክለኛው መልስ “የትኛው ዝርያ፣ ለየትኛው ሕፃን፣ በምን መጠን?” የሚል ጥያቄ ነው።

ጉዳት ያደረሰበትም ጊዜ አለ። በ2014 በአሜሪካ ያለጊዜው ለተወለደ ሕፃን ኔክን ለመከላከል ሲባል በገበያ ላይ የሚሸጥ የባክቴሪያ ዱቄት ተሰጠው። ዱቄቱ ውስጥ ሻጋታ ነበረበት። ሻጋታው የሕፃኑን አንጀት ወርሮ ለሞት አበቃው፤ ምርመራ ሲደረግ ሻጋታው ካልተከፈቱ ዕቃዎች ውስጥም ተገኘ። በ2023 ደግሞ ከአንድ ኪሎ በታች የሆነ ሌላ ሕፃን ሞተ። በደሙ ውስጥ የተገኘው ባክቴሪያ በፕሮባዮቲክነት የተሰጠው ራሱ ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ያን ጊዜ ለሐኪሞች ማስጠንቀቂያ ላከ፤ ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት በሕክምና መድኃኒትነት ያጸደቀው አንድም የፕሮባዮቲክ ምርት እንደሌለም አስታወቀ። ደግ ያልነው ባክቴሪያ ስስ ግድግዳ ጥሶ ደም ውስጥ ከገባ ደግነቱ እዚያ ላይ ያበቃል።

በዚህ ምክንያት ታላላቆቹ አካላት አንድ ቃል አይናገሩም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ከ32 ሳምንት በፊት ተወልደው የእናት ወተት ለሚመገቡ ሕፃናት ፕሮባዮቲክ መስጠት “ሊታሰብ ይችላል” ይላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ በ2021፣ በተለይ ከአንድ ኪሎ በታች ላሉት፣ ለሁሉም በጅምላ መስጠትን እንደማይደግፍ ገልጧል፤ አንዱ ምክንያቱ በመድኃኒት ደረጃ ጥራቱ የተረጋገጠ ምርት በአገሩ አለመኖሩ ነው። ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላል እንጂ፣ በእኔ አስተያየት አንድ መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው፦ ጉዳዩ ጥራቱ የታወቀ ምርት ባለበት ሆስፒታል፣ በሐኪም ውሳኔ፣ ወላጅ ጠቃሚውንም አስጊውንም ሰምቶ የሚደረግ ነው። ስለዚህ በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ በዋሽንግተንም ሆነ በዱባይ፣ እህታችሁ ያለጊዜዋ ወልዳ በሻንጣ የሆነ የፕሮባዮቲክ ዱቄት ለመላክ ካሰባችሁ፣ እባካችሁ ተዉት። ከልብ በመነጨ ፍቅር እንደምታደርጉት አውቃለሁ። ለአዋቂ የማይጎዳው እሽግ ለአንድ ኪሎ ሕፃን ምን እንደሚያደርግ ግን እሽጉ ላይ አይጻፍም፤ ባክቴሪያዎቹም በመንገድ ላይ ሙቀት ከነካቸው ይሞታሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

በአገራችንስ ያለጊዜያቸው የሚወለዱትን ሕፃናት የሚገድላቸው ምንድን ነው? በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ በሚገኙ 5 ሆስፒታሎች የተካሄደና በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት ይህን መርምሯል። ወደ ጽኑ ሕክምና ክፍል ከገቡት ሕፃናት ከ100ው 29 ሞተዋል። ቀዳሚው ምክንያት የሳንባ አለመብሰል ሲሆን፣ ቀጥሎ ኢንፌክሽን፣ ከዚያም በወሊድ ጊዜ መታፈን ነው። ፕሮባዮቲክ ሳንባ አያበስልም። ይህን ያነሣሁት ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ ገንዘብም ሐሳብም ሲያንስ መጀመሪያ ወዴት መሄድ እንዳለበት ስለሚያሳይ ነው። ደግነቱ፣ አንጀትን የሚጠብቁት ሁለት ነገሮች ኢንፌክሽንንም ይከላከላሉ፤ ሁለቱም ከፋርማሲ አይገዙም።

አንደኛው የእናት ጡት ወተት ነው። በ1990 በእንግሊዝ የታተመ፣ 926 ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን የተከታተለ ጥናት፣ የዱቄት ወተት ብቻ በተመገቡት ላይ ኔክ የእናት ወተት ብቻ ካገኙት ከ6 እስከ 10 እጥፍ እንደሚበዛ አገኘ። እስካሁን ካነሣሁት የፕሮባዮቲክ ውጤት ጋር አስተያዩት። በእናት ወተት ውስጥ ባክቴሪያዎቹም፣ ምግባቸውም፣ የአንጀቱን ግድግዳ የሚጠግኑት ንጥረ ነገሮችም አብረው አሉ፤ እርሾውና ዱቄቱ በአንድ ቡሐቃ ማለት ነው።

መጠኑ ደግሞ አያስፈራችሁ። ያች 1200 ግራም የምትመዝን ልጅ በመጀመሪያው ቀን የምትፈልገው በየ2 ሰዓቱ 2 ሲሲ ገደማ ነው። ቀኑን ሙሉ ተጠራቅሞ የቡና ሲኒ ግማሽ አይሞላም። “ወተት አልመጣልኝም” የምትሉ እናቶች፣ በማንኪያ ጫፍ የያዛችሁት ጠብታ የእሷ ሙሉ ምሳ ነው። ጠብታውን ለማግኘት በተገላገላችሁ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በእጅ ማለብ ጀምሩ፤ በቀንና በሌሊት 8 ጊዜና ከዚያ በላይ እለቡ። የሌሊቱን አትዝለሉት፤ ወተት እንዲመረት የሚያዝዘው ሆርሞን ሌሊት ይበረታል። እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ፣ ነርሷ በሰጠቻችሁ ንጹሕ ዕቃ እለቡ። የመጀመሪያውን እንገር አንድም ጠብታ አትድፉ፤ በብዙ ክፍሎች ልጁ ገና መመገብ ሳይጀምር ጉንጩን በውስጥ በኩል በእንገር ያርሱለታል።

ሁለተኛው ገላ ለገላ ማቀፍ ነው፤ የካንጋሮ እንክብካቤ የምንለው። የተጀመረው ያችው ቦጎታ ውስጥ ነው፤ በ1978 ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ የተባሉ ሐኪም ማሞቂያ ሲያንሳቸው ሕፃናቱን በእናቶቻቸው ደረት ላይ ማሰር ጀመሩ። እኛም ዘንድ አዲስ አይደለም። ዶክተር ቦጋለ ወርቁና የሥራ ባልደረባቸው በአዲስ አበባ ያካሄዱት በ2005 የታተመ ጥናት፣ ቶሎ ገላ ለገላ ከታቀፉት ትንንሽ ሕፃናት የሞቱት በተለመደው መንገድ ከታከሙት ያነሱ መሆናቸውን ለዓለም አሳይቷል። በ2021 ደግሞ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተደረገ ትልቅ ሙከራ፣ ልጁ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ከተወለደ ጀምሮ ሲታቀፍ፣ በ28 ቀን ውስጥ የሚደርሰው ሞት ከ100ው 15.7 ወደ 12 እንደሚወርድ አረጋገጠ።

ማቀፍ ከአንጀት ጋር ምን አገናኘው? ልጁ ከማሞቂያው ግድግዳ ይልቅ ከእናቱ ቆዳ ባክቴሪያ ይቀበላል። ወተቷም ይበዛል። ሌላም ስውር መንገድ አለ። እናት በክፍሉ ውስጥ ስትውል በዚያ ክፍል ያሉትን ተሕዋስያን እሷም ትቀበላለች። አንጀቷ ያያቸዋል፣ መከላከያ የሚሠሩ ሴሎቿ ወደ ጡቷ ይጓዛሉ፣ ወተቷ ውስጥም ለእነዚያው ተሕዋስያን የተዘጋጀ መከላከያ ይገባል። ልጇን የከበበውን ጠላት እሷ ቀድማ ቀምሳ መድኃኒቱን ታልብለታለች። እናትን ከማሞቂያ ክፍል በር ላይ መልሶ ማስቀመጥ ልክ አይደለም የምለው ለዚህ ነው፤ ጎብኚ ሳትሆን የሕክምናው ክፍል ነች።

አሁን ወደ አያቶች ልምጣ፤ ቤት ውስጥ ቃላቸው ስለሚሰማ። ያች የ29 ሳምንት ልጅ አያት መጥተው ነርሷን ሲያዋዩ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ።

“ልጄ፣ ይቺ ልጅ እኮ ሆዷ ባዶ ነው። አንጀቷን የሚያለሰልስ ትንሽ ለጋ ቅቤ ብናልሳት ምን አለበት? እኔ ስምንት ያሳደግሁት በዚሁ ነው።”

“እውነትዎን ነው እማማ፤ ስምንቱ ግን አንጀታቸው በስሎ ነው የመጡት። ለእነሱም ቢሆን ጡት ብቻ ይሻል ነበር። የእሷ ገና ጥሬ ሸክላ ነው።”

“እንግዲያውስ የእርጎ አጓት? ሆድ ያሽራል ይባላል። አሁን ደግሞ በሬዲዮ ባክቴሪያ ጥሩ ነው ሲሉ ሰማሁ።”

“ለእርስዎ ጥሩ ነው እማማ። እርጎው ውስጥ የትኛው ባክቴሪያ እንዳለ ግን እርስዎም እኔም አናውቅም። ለእሷ የሚሆነው የእናቷ ወተት ነው። ይልቅ ልጅዎ ደክሟታል፤ አጥሚት ሠርተው ያምጡላት፣ ልጅቷን እስክታቅፍም ወገቧን ደግፈው ያስቀምጡልኝ።”

ነርሷ አያቲቱን አላሳፈረቻቸውም፤ ሥራ ሰጠቻቸው። ቅቤ፣ ስኳር ውኃ፣ የአብሽ ውኃ፣ ጤና አዳም፣ እርጎ፣ የላም ወተት፣ አንዳቸውም ያለጊዜው ወደተወለደ ሕፃን አፍ መግባት የለባቸውም። የዝግጅታችንን ርእስ ሰምቶ እርሾ ወይም እርጎ በጠብታ ልስጥ የሚል ቢኖር ደግሞ፣ እርሾ ያልኩት ለምሳሌ መሆኑን እነግረዋለሁ።

ለጤና ባለሙያ አድማጮቻችን አንዲት ቃል ብቻ። የደም ምርመራው ንጹሕ ሆኖ፣ ልጁም ደኅና ከሆነ፣ አንቲባዮቲኩን ለማቆም አትዘግዩ። ኢንፌክሽን ሳይረጋገጥ ለ5 ቀንና ከዚያ በላይ የተሰጣቸው በጣም ትንንሽ ሕፃናት ላይ ኔክና ሞት በዝቶ መታየቱን በ2009 የታተመ ሰፊ ጥናት አመልክቷል። ለመጀመር ምክንያት እንደሚፈለግ ሁሉ፣ ለመቀጠልም ምክንያት ይፈለግ።

ያችን ልጅ እንጨርሳት። በቱቦ የምትወስደው ወተት ከ2 ሲሲ ወደ 5፣ ከ5 ወደ 10 እያለ ሄደ። እናቷ ቀንም ሌሊትም በነጠላ አስራ ደረቷ ላይ ያዘቻት። 34 ሳምንት ሊሞላ ሲል ልጅቱ ቱቦው እያለ የእናቷን ጡት ትልስ ጀመር፤ አንድ ሁለቴ ሳብ አድርጋ ታርፋለች፣ ትተኛለች፣ ደግሞ ትስባለች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቱቦው ወጣ። አንድ ጠዋት እናቲቱ ዳይፐሯን ስትፈታ ሰገራዋ ለስላሳ፣ ወርቅማ ቢጫ ሆኖ አገኘችው። ሽታው መጥፎ አይደለም፤ ኮምጠጥ ያለ ነው። ደንግጣ ነርሷን ጠራቻት። ነርሷ አየችው፣ ጠጋ ብላም አሸተተችው፤ “ይሄማ ቦክቷል” አለቻት።